የድርቅ «ዑደት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ስብሰባ ላይ ተናጋሪው «ድርቅ በየ10 ዓመቱ ይዞራል፤ የቅርቡ አልፏልና ለጊዜው እፎይ እንበል» ብለው ተቀመጡ። ተጨበጨበላቸው። እኔ ግን ይህን ነገር መስማት መሮኛል።

እስቲ እንቁጠር። ክረምቱ ክፉኛ የከዳን በ1964፣ በ1976፣ በ1979፣ በ1994 እና በ2007 ነው (66 እና 77 የምንላቸው ረሀቡ የገነነባቸው ዓመታት ናቸው፤ ዝናቡ የቀረው ቀደም ብሎ ነው)። በመካከላቸው 12፣ 3፣ 15 እና 13 ዓመት አለ። 10 የቱ ጋ ነው?

ባለሙያ «በ10 ዓመት አንዴ» ሲል በእያንዳንዱ ዓመት 10 በመቶ ዕድል አለ ማለቱ ነው። ሰውዬው ግን ድርቅን ዕቁብ አደረጉት፤ አንዴ የወጣለት ዳግመኛ አይወጣለትም። በዚህ ዕቁብ የወጣው ዕጣ ተጠቅልሎ ወደ ኮፍያው ይመለሳል። ዘንድሮ የደረሰው ለከርሞም ሊደርሰው ይችላል፤ 10 ዓመት ሙሉ ሳይደርሰው የመቅረት ዕድሉም 35 በመቶ ገደማ ነው።

ኮፍያውም አንድ አይደለም። የመንዝ ደጋ ገብስ በበልጉ ኮፍያ ነው ያለው። በሰሜን ሸዋ ቆላ ያለው የቀወት ማሽላ ግን በበልግ ዝናብ ተዘርቶ በክረምት ስለሚያድግ ሁለት ዕቁብ ገብቷል። ኤል ኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ በወገቡ አካባቢ ከወትሮው ሲሞቅ) አብዛኛውን ጊዜ የሰሜኑንና የመሃሉን ክረምት ያሳሳል፤ የቦረናና የሶማሌ ክልል የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ የሚቀረው ግን ብዙውን ጊዜ በላ ኒና (ያው ውቅያኖስ ከወትሮው ሲቀዘቅዝ) ነው። ከ2013 እስከ 2015 አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ያጡትም ላ ኒና በተደጋገመበት ጊዜ ነው። ታዲያ የማን ዑደት ነው የሚዞረው?

ምሳሌዬ ያነክሳል፣ አውቃለሁ። ዕጣ ያለፈውን አያስታውስም፤ ውቅያኖስ ግን ለወራት ያስታውሳል። ኤል ኒኞም ከ2 እስከ 7 ዓመት እያሰለሰ ስለሚመለስ «ዑደት» የሚያሰኝ ነገር አለው፤ ቀጠሮ ግን የለውም።

በረጅሙ ሲታይ የተለወጠው ኮፍያው ውስጥ ያለው ነው። በምሥራቁና በደቡብ ምሥራቁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ባለፉት አስርት ዓመታት ቀንሷል። ክረምቱ ለአገሩ ሁሉ አንድ አቅጣጫ አልያዘም። ሙቀቱ ግን ጨምሯል፤ ያው ዝናብ ቢጥልም አፈሩ ቶሎ ይደርቃል።

የዝናብ መዝገቡንም በጭፍን አትመኑ። የዝናብ መለኪያው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነበባል። አንባቢው ለቅሶ ሄዶ ባዶ የተወውን ቀን ሌላው ዜሮ ብሎ ከሞላው፣ ወረቀት ላይ ድርቅ ይፈጠራል። እንዲህ ያለ ደረቅ ሚያዝያ አግኝቼ አንድ አዛውንት ብጠይቅ፣ «የዚያ ሚያዝያ ጎርፍ አይደል እንዴ ማሳዬን የበላው!» አሉኝ።