ኮርስ ማይግሬሽን ምንድን ነው?

ሰሞኑን አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣሁ ከጎኔ የተቀመጡ ሁለት መምህራን ሲያወሩ ሰማሁ። «እስከ ሴሚስተሩ መጀመሪያ ኮርሳችሁን ወደ አዲሱ ሲስተም ማይግሬት አድርጉ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ» አለ አንዱ። ጓደኛው «ማይግሬት ማድረግ ምንድን ነው? ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ እዚያ መጫን ነው?» አለው። «እኔ ምን አውቄ!» ሂሳብ ከፍለው ወጡ።

ተከትያቸው ወጥቼ ልነግራቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው። መምህራን ከአንድ የኦንላይን መማሪያ ሲስተም ወደ ሌላ ሲዛወሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አግዛለሁ። ጥያቄው ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው ክፍል ቃሉን ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብሎ ያልፈዋል፣ መምህሩም ለመጠየቅ ይከብደዋል።

ባጭሩ ኮርስ ማይግሬሽን ማለት አንድን ኮርስ ከነበረበት ሲስተም አውጥቶ በአዲሱ ሲስተም ውስጥ ተማሪ ሊማርበት በሚችል ሁኔታ ማስቀመጥ ነው። «ተማሪ ሊማርበት በሚችል ሁኔታ» የሚለውን አስምሩበት። ቤት ቀይራችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ጫኝና አውራጅ ዕቃውን ከአይሱዙ አውርዶ ሳሎን መሀል ከምሮ ይሄዳል። ዕቃው ገብቷል፤ ያን ዕለት ማታ ግን ቡና ለማፍላት ጀበናና ስኳር ፍለጋ ስንት ካርቶን ትከፍታላችሁ። ፋይል መገልበጥ የጫኝና አውራጁ ሥራ ነው። ማይግሬሽን ከዚያ በኋላ ያለውንም ይጨምራል።

ሲስተም ስል የማወራው ስለ ሙድል፣ ካንቫስ፣ ብላክቦርድ፣ ጉግል ክላስሩም ስለመሳሰሉት ነው። እኛ አገር በብዛት የሚታወቀው ሙድል ነው። ማርቲን ዱጊያማስ የሚባል አውስትራሊያዊ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያወጣው ሲሆን ማንም ተቋም በነፃ አውርዶ በራሱ ሰርቨር ላይ ሊጭነው ይችላል። ካንቫስ በ2011፣ ጉግል ክላስሩም በ2014 የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚሠሩት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ የኮርስ ማቴሪያል ያስቀምጣሉ፣ አሳይመንት ይቀበላሉ፣ ኩዊዝ ይፈትናሉ፣ ውጤት ይመዘግባሉ። የውስጥ አደረጃጀታቸው ግን ይለያያል፣ ችግሩም ከዚያ ነው የሚጀምረው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። «ከድሮው ሲስተም ወደ አዲሱ» ሲባል ብዙ ሰው ከሙድል ወደ ሙድል የሚሆን ይመስለዋል። ለብዙ መምህር ግን የድሮው ሲስተም ቴሌግራም ነው። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ግቢዎች ሲዘጉ ተማሪ የሚገኘው እዚያ ነበርና መምህሩም እዚያው ሄደ። ግሩፕ ተከፈተ፣ ሃንድአውት ተላከ፣ የክፍል ተወካዩ አሳይመንት ሰብስቦ መልሶ ላከ። ያ አልቀረም፤ እስከ ዛሬ ሙድሉ ባዶ ሆኖ ትምህርቱ በሙሉ ቴሌግራም ላይ ያለ ኮርስ ሞልቷል። እንዲህ ያለውን ኮርስ የሚያዛውር ቁልፍ የለም። ፒዲኤፉን ከድምፅ መልእክቱ፣ ከ«ነገ ክላስ የለም»ው መሀል እየለቀሙ በሳምንት በሳምንት መደርደር ነው ሥራው። አድካሚ ነው፣ ግን መምህሩ ኮርሱን ከዳር እስከ ዳር የሚያየው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው፤ ሦስተኛውና አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ዓይነት ሃንድአውት ሲልክ እንደኖረ ያገኘዋል።

የድሮውም ሙድል ከሆነ ይቀላል። ኮርሱን ባክአፕ ስታደርጉት ስሙ በኤምቢዜድ (.mbz) የሚያልቅ አንድ ፋይል ይሰጣችኋል፣ አዲሱ ላይ ገብታችሁ ሪስቶር ትሉታላችሁ። ከአሮጌ ቨርዥን ወደ አዲስ ይሄዳል፤ ከአዲስ ወደ አሮጌ ግን አትሞክሩት። ሁለቱ ሲስተሞች የተለያዩ ከሆኑ ደግሞ ኮመን ካርትሪጅ የሚባል ሲስተሞች የሚግባቡበት የጋራ የፋይል ዓይነት አለ። ጽሑፉን፣ ሊንኩን፣ ቀላል የምርጫ ጥያቄዎችን ይዞ ይሻገራል። የኩዊዙ ሴቲንግ፣ የውጤት አደረጃጀቱ፣ የተራቀቀ የጥያቄ ዓይነት ግን መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

በጭራሽ ይሻገራል ብላችሁ ማሰብ የሌለባችሁ የተማሪውን ሥራ ነው። ያስገባው አሳይመንት፣ ያገኘው ውጤት፣ ፎረም ላይ የጻፈው ብዙ ጊዜ ከኮርሱ ጋር አብሮ አይሄድም። ስለዚህ የድሮው ከመዘጋቱ በፊት ግሬድ ቡኩን (የውጤት መዝገቡን) በኤክሴል አውርዳችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ተማሪ ከዓመት በኋላ «መምህር፣ የሚድ ፈተናዬ ውጤት አልተደመረም» ብሎ ይመጣል፣ ማስረጃውም እናንተ ጋ ነው መኖር ያለበት። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ደግሞ የትኛውም ተቋም የድሮውን ሲስተም ቢያንስ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ለማየት ብቻ ክፍት አድርጎ ማቆየት አለበት።

አሁን ማኑዋል ላይ ወደማታገኟቸው ሁለት ነገሮች ልምጣ።

አንደኛው ፊደል ነው። ጡረታቸው የተቃረበ አንድ ዶክተር ቢሮ ሄጄ ነበር። ከቢሮ ቁልፋቸው ጋር በጫማ ክር የታሰረች ሰማያዊ ፍላሽ አውጥተው «ልጄ፣ የሃያ ዓመት ጥያቄዬ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝ። ጥያቄዎቹ በአማርኛ ነበሩ፣ በእሳቸው ኮምፒውተር ላይ ቁልጭ ብለው ይነበባሉ። አዲሱ ሲስተም ላይ ለጥፈን ስናየው ግን ገጹ በሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ትርምስ ሆነ። ዶክተር ዝም አሉ። ጠፋብኝ ብለው እንደደነገጡ ፊታቸው ላይ አየሁት።

አልጠፋም ነበር። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደሎች ኮምፒውተር ላይ በሚወከሉበት የጋራ አሠራር ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ሰው የሚጽፈው እንደ ቀድሞው ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አሠራር ባላቸው ፎንቶች ነበር። በእነዚያ ፎንቶች «ሀ» ሆና የምትታያችሁ ነገር ኮምፒውተሩ ውስጥ የላቲን ምልክት ናት፤ «ሀ» አድርጎ የሚያሳያችሁ ፎንቱ ነው። ፎንቱ የሌለበት ቦታ ስትሄድ ምልክትነቷ ይወጣል። መለያው ቀላል ነው፤ ወርድ ላይ ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ቀይሩት። አማርኛው ከቆየ ዩኒኮድ ነው፣ አትስጉ። ከተበላሸ ቅየራውን መልሱና በመቀየሪያ ሶፍትዌር ወደ ዩኒኮድ ለውጡት፣ ከዚያ በዓይን አንብቡት፣ ምክንያቱም አንዳንድ ፊደል ተሳስቶ ይቀየራል። የዶክተርን ጥያቄዎች እንዲህ ስናደርግ የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። የተሳሳቱትን ፊደሎች እሳቸው እያነበቡልኝ እኔ አረምኩ፣ መሀል ላይ ያረጁ ጥያቄዎችንም «ይሄ ይቅር፣ ይሄን አሁን አልጠይቅም» እያሉ ጣሏቸው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። አንዲት መምህርት አሳይመንቱ 11 ሰዓት ላይ እንዲዘጋ ፈለገች፤ ከቀኑ 11 ማለቷ ነው። ሲስተሙ ላይ 11:00 ብላ ሞላች። ሲስተሙ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነውና በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ዘጋው። ተማሪዎቿ ላይ ከታሰበው ስድስት ሰዓት ያህል ቀድሞ ተዘጋባቸው፣ ስልኳ በጥሪ ተጨናነቀ። መሙላት የነበረባት 17:00 ነበር። በዚህ ላይ ሰርቨሩ የተቀመጠው ውጭ አገር ሆኖ የሰዓት ቀጠናው ወደ አዲስ አበባ ካልተስተካከለ ሌላ ሦስት ሰዓት ሊዛባ ይችላል። ቀኑም እንደዚሁ ነው፤ ኅዳር 30 በአብዛኛው ዓመት ዲሴምበር 9 ላይ ይውላል። አሳይመንት ስትሰጡ መግለጫው ውስጥ ሁለቱንም ጻፉት፦ «ኅዳር 30፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ሲስተሙ ላይ ዲሴምበር 9፣ 17:00»። አንዲት መስመር ናት፣ ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

ታዲያ መምህራን እንዴት ነው የሚታገዙት? ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሰማንያ ሰው አንድ አዳራሽ ሰብስቦ በፕሮጀክተር «ይሄን ትጫናላችሁ፣ ከዚያ ይሄን» ማለት ነው። ይህ አይሠራም፣ ስንቴ አይቼዋለሁ። መምህሩ በሌላ ሰው ኮርስ ላይ ያየውን ቢሮው ገብቶ የራሱን ሲከፍት አያገኘውም። የሚሠራው የራሱን ኮርስ ከፍቶ፣ ማውዙ በእሱ እጅ ሆኖ፣ የሚያግዘው ሰው ከጎኑ ሲቀመጥ ነው። ማውዙን መንጠቅ ያምራል፣ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ግን በማግስቱ ስልክ ይደወላል። መጀመሪያ አንድ ኮርስ፣ ከእሱም አንድ ሳምንት ብቻ፣ ማንም ተማሪ በማያየው የሙከራ ኮርስ ውስጥ። አንድ ሃንድአውት፣ አንድ አሳይመንት፣ አምስት ጥያቄ ያላት ኩዊዝ። ከዚያ በተማሪ ዓይን ማየት ነው፤ ሙድል ላይ ሚናን ወደ ተማሪ መቀየር ይቻላል፣ ካንቫስ ላይም የተማሪ እይታ የሚባል አለ። ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሳይሆን ስልክ ላይም እዩት፣ ተማሪው የሚከፍተው በሞባይል ዳታ ስልኩ ላይ ነውና። 80 ሜጋባይት ፓወርፖይንት ከጫናችሁበት የሚከፍለው እሱ ነው። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አሳንሱት። የሙድል አፕ አንድ ጊዜ ዋይፋይ ባለበት የወረደን ማቴሪያል ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፣ ይህን ለተማሪ ንገሩት።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ምዝገባ በተጀመረ ሳምንት አዲስ ሲስተም ተማሩ ማለት መምህሩንም ተማሪውንም መበደል ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ክረምቱ፣ በተለይ ነሐሴ፣ ለዚህ የተሻለ ነው።

ባለ ሰማያዊ ፍላሹ ዶክተር ሁለተኛውን ኮርሳቸውን ያለ እኔ ነው ያዛወሩት። አንድ ጊዜ ብቻ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ኩዊዙ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እንዲከፈት 9:00 ብያለሁ፣ ልክ ነኝ አይደል?» ልክ ነበሩ።