ካስክ ስትሬንግዝ ሩም ምንድን ነው?

ሩም ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ጠንካራ መጠጥ ነው። ጠርሙሱን ሳነሳ መጀመሪያ የማየው የአልኮል መጠኑን ነው። አብዛኛው 40 በመቶ ይላል። አንዳንዱ ላይ ግን 59 ወይም 62 ተጽፎ አጠገቡ «ካስክ ስትሬንግዝ» የሚል ይገኛል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ኧረ ይሄ ቶሎ ይጥላል!» ይላል። አዎ፣ ይጥላል። የሚዘጋጀው ግን ለዚያ አይደለም።

ካስክ የእንጨት በርሜል ነው፤ ስትሬንግዝ ደግሞ ጥንካሬ። ሩሙ ዓመታት ከቆየበት በርሜል ሲወጣ የነበረውን ጥንካሬ እንደያዘ፣ ውሃ ሳይገባበት ታሽጓል ማለት ነው። ባለ 40 በመቶውም አብዛኛውን ጊዜ ከበርሜል ሲወጣ ጠንካራ ነበር። በውሃ ያቀጠነው ፋብሪካው ነው።

ጠንካራ የሆነ ሁሉ ግን ያረጀ አይደለም። የጃማይካው ሬይ ኤንድ ኔፊው ኦቨርፕሩፍ 63 በመቶ ነው፤ ሆኖም በርሜል ውስጥ ሳያረጅ የሚታሸግ ነጭ ሩም ነው። አገሬው ከለስላሳ ጋር ቀላቅሎ ይጠጣዋል። እዚህ የማወራው ስላረጀው፣ ለብቻው በትንሽ በትንሹ ስለሚቀመሰው ነው።

ዋጋው ለምን እንደሚወደድ ለመረዳት የካሪቢያንን ሙቀት ማሰብ ነው። በርሜሉ ውስጥ ካለው መጠጥ በየዓመቱ የተወሰነው በእንጨቱ አልፎ ይተናል። «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። በቀዝቃዛዋ ስኮትላንድ መላእክቱ በዓመት 2 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ካሪቢያን ላይ 6 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል እናስላው። በ6 በመቶ ሂሳብ ከ12 ዓመት በኋላ የሚቀረው 95 ሊትር አካባቢ ነው። ከግማሽ በላዩ አየር ላይ ቀረ! የተረፈው 60 በመቶ አልኮል ቢኖረው፣ እንዳለ ሲታሸግ 136 ያህል ባለ 700 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይሞላል። ወደ 40 በመቶ ቢቀጥን ግን ጠርሙሱ ከ200 ያልፋል። ውሃ ያልጨመረ አምራች ይህን ሁሉ ጠርሙስ ትቶ ነው።

የሚተወው ለጣዕም ሲል ነው። ለሩም መዓዛ ከሚሰጡት ነገሮች ብዙዎቹ ከውሃ ይልቅ በአልኮል ይሟሟሉ። ኡዞ ላይ ውሃ ሲጨመር ነጭ እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ አልኮሉ ውስጥ ሟሙቶ የነበረው የአኒስ ዘይት ውሃው ሲበዛበት ይለያል። ያረጀ ሩምም ሲቀጥን በመጠኑ ሊደፈርስ ይችላል። አንዳንድ ፋብሪካ ይህን ለመከላከል አቀዝቅዞ ያጣራዋል። ከድፍርሱ ጋር ጣዕም ያለውም ነገር አብሮ ይሄዳል። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ጣዕሙ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት አይቸገርም። ጃማይካ ውስጥ ሃምፕደን የሚባል የቆየ አምራች አለ። ስኳር ሲመረት ከሚተርፈው ወፍራም ሞላሰስ የተዘጋጀውን ጥንስስ ለሳምንታት ያቆየዋል፤ የሚያፈላውም በአካባቢው ያለ የዱር እርሾ ነው። ከቀደመው ዙር የተረፈውን አተላም ጥንስሱ ላይ ይመልሱታል። «ደንደር» ይሉታል። ባክቴሪያውና እርሾው አብረው ሲሠሩ ኤስተር የሚባሉት ውህዶች ይበዛሉ። ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ፣ አናናስ፣ አንዳንዴም ማስቲሽ የሚሸተው ከዚያ ነው። ጉያና ውስጥ ደግሞ ሩሙን የሚያወጡበት ዕቃ ራሱ ከእንጨት የተሠራ ነው። ፖርት ሙራንት፣ ኤንሞር፣ ቬርሳይ ይባላሉ፤ ስማቸውን ያገኙት ከነበሩባቸው የስኳር እርሻዎች ነው። ዛሬ ሦስቱም በዴሜራራ ወንዝ ዳር ባለው ዳይመንድ ፋብሪካ ተሰብስበዋል። ከኤንሞር የወጣ ሩም አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸተኛል። የባርቤዶሱ ፎርስኩዌር ከሁሉም ለዘብ ያለ ነው። ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው።

አሁን ወደ አቀማመሱ። አረቄ በመለኪያ አንዴ ግልብጥ ይደረጋል። ይህን እንደዚያ ካደረጋችሁት ምላስ ይደነዝዛል፤ 12 ዓመት የተጠበቀው ነገር ሳይቀመስ ያልፋል። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ቀድታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት፤ የሚቆጠቁጠው የአልኮል ሽታ ትንሽ ይወጣለት። ስታሸቱ አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትክተቱ። አገጭ አካባቢ ያዙት፤ አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አስጠጉት። ሲቆጠቁጣችሁ መለስ በሉ።

የመጀመሪያው ጉንጭ ምላስ የሚያረጥብ ብቻ ይሁን። ያቃጥላል፤ በእሱ አትፍረዱ። አፍ ለምዶ ጣዕም መለየት የሚጀምረው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ላይ ነው። ሳትቸኩሉ ምላሳችሁ ላይ አንከባሉት። ከዋጣችሁ በኋላ ደግሞ ጠብቁ፤ የጥሩ ሩም ጣዕም አፍ ላይ ለደቂቃዎች ይቆያል።

ከዚያ ውሃ። ጀማሪ ነኝ ብላችሁ አትፈሩ፤ ውሃ መጨመር ነውር አይደለም። እንዲያውም የካስክ ስትሬንግዝ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ውሃውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። 60 በመቶ የሆነ 20 ሚሊ ሊትር ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ብትጨምሩ ወደ 48 ይወርዳል። እኔ ግን ጠብ ጠብ እያደረግሁ፣ በየመሀሉ እየቀመስኩ ነው የምሄደው። የጃማይካ ሩም መጀመሪያ ማስቲሽ ማስቲሽ ይለኛል። ትንሽ ውሃ ሲያገኝ አናናሱ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ስዊድን ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት ዊስኪን አጥንተው ነበር። ውሃ ሲጨመር ጓያኮል የተባለው የጭስ ጣዕም ያለው ውህድ ወደ መጠጡ ገጽ እንደሚወጣ አሳይተዋል። አፍንጫ የሚያገኘው ገጹ ላይ ያለውን ነው።

ሆዳችሁ ባዶ አይሁን፤ አጠገባችሁም ንጹሕ ውሃ ይኑር። የ60 በመቶ አንድ መለኪያ የ40ውን አንድ ተኩል መለኪያ ያህል አልኮል አለው። እኔ በአንድ ምሽት ከሁለት ዓይነት በላይ አልቀምስም፤ ከዚያ በኋላ ምላሴን አላምነውም።

ሲያልቅ ብርጭቆውን ወዲያው አትጠቡት። እንዳለ ይደር። ጠዋት አንስታችሁ አሽቱት። አልኮሉ ሄዷል። የተቃጠለ ስኳርና የበርሜሉ እንጨት ግን አሁንም አሉ።