አውሮፕላን የሌለው ስኳድሮን

የአየር ኃይል ስኳድሮን ሲባል ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት የተደረደረ ጄት ነው። የአየር ቁጥጥር ስኳድሮን ግን አንድም አውሮፕላን የለውም። ራዳር፣ ሬዲዮና ስክሪን ላይ ያፈጠጡ ሰዎች አሉት፤ በቃ። ሰማዩ ላይ ያለው ወዳጅ ይሁን ጠላት ይለያሉ። ከዚያ ተዋጊ አብራሪውን በሬዲዮ እየመሩ ዒላማው አጠገብ ያደርሱታል።

ሥራው መልክ የያዘው እንግሊዝ አገር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1935 ሮበርት ዋትሰን ዋትና አርኖልድ ዊልኪንስ ዳቨንትሪ አጠገብ አንድ ሙከራ አደረጉ። ከቢቢሲ ጣቢያ የሚወጣው የሬዲዮ ሞገድ አንድ አውሮፕላን ላይ ነጥሮ ሲመለስ ያዙት። አምስት ዓመት ሳይሞላ በምሥራቅና በደቡብ ጠረፍ 110 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ የብረት የራዳር ማማዎች ቆሙ።

ራዳርማ ጀርመኖችም ነበራቸው፤ ያውም ጥሩ ራዳር። እንግሊዞች የበለጧቸው ወሬውን በማበጠር ነው። የተዋጊ አውሮፕላኖች ዕዝ አዛዥ ሂው ዳውዲንግ የማማዎቹ ሪፖርት ሁሉ መጀመሪያ የዕዙ ዋና መሥሪያ ቤት ቤንትሊ ፕራዮሪ ወደሚገኝ ማበጠሪያ ክፍል እንዲገባ አደረገ። እርስ በርሱ የሚጋጨው እዚያ ተጣርቶ ወደ ታች ዕዞች በስልክ ይወርዳል። ማማዎቹ የሚያዩት ወደ ባሕር ብቻ ስለነበር፣ የብስ ላይ የገባውን ጠላት የሚከታተሉት ባይኖኩላር የያዙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ከእነዚህ ታች ዕዞች አንዱ ለንደንንና ደቡብ ምሥራቁን የሚጠብቀው 11ኛው ግሩፕ ነው፤ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ አክስብሪጅ ላይ፣ 18 ሜትር ገደማ ከመሬት በታች ነው። መሐል ላይ ትልቅ የካርታ ጠረጴዛ አለ። ዙሪያውን ማዳመጫ ያጠለቁ ወጣት ሴቶች አውሮፕላኖቹን የሚወክሉ ምልክቶችን በረጅም ዘንግ ይገፋሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት በየአምስት ደቂቃው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ተቀብቷል። ምልክቱም ወሬው በደረሰበት ደቂቃ ቀለም ይቀመጣል። ተቆጣጣሪው ከላይ ሆኖ ቀለሙን አይቶ የቱ ወሬ ትኩስ፣ የቱ የቆየ እንደሆነ በአንድ እይታ ያውቃል። ለእኔ ከራዳሩ ይልቅ የምትገርመኝ ይቺ ሰዓት ናት።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ለንደንን በአየር ሲያጠቁ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል እዚሁ ክፍል ተቀምጦ ነበር። ተጠባባቂ አውሮፕላን ስንት እንደቀረ የግሩፑን አዛዥ ኪት ፓርክን ጠየቀው። መልሱ አንድም የለም የሚል ነበር።

አብራሪዎቹን በቀጥታ የሚያናግሩት የየቀጠናው መቆጣጠሪያዎች ግን ብዙዎቹ ከመሬት በላይ ስለነበሩ ለቦምብ የተጋለጡ ነበሩ። የኬንሊ ቀጠና መቆጣጠሪያ ኦገስት ላይ ከተደበደበ በኋላ ሥራው ካተርሃም ከተማ ወዳለ ባዶ ሥጋ ቤት ተዛወረ። አዎ፣ ሥጋ ቤት።

አሜሪካኖች በኋላ አሠራሩን ተንቀሳቃሽ አደረጉት። ስኳድሮኑ ራዳሩን በመኪና ጭኖ ወደ ጦርነቱ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ቲፒኤስ 75 ራዳር እስከ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል። በቬትናም ጦርነት ዳናንግ አጠገብ የዝንጀሮ ተራራ ላይ የነበረው ጣቢያቸው በሬዲዮ "ፓናማ" ይባል ነበር። የ1940ዎቹ ቃላትም አልሞቱም፦ "ኤንጅልስ 15" ማለት 15 ሺህ ጫማ ከፍታ፣ "ቬክተር" አቅጣጫ፣ "ባንዲት" ጠላት ነው።

የአክስብሪጁ ምሽግ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። 76 ደረጃ ይወረዳል። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ምልክቶች ቸርችል በነበረበት በሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 ረፋድ፣ በእኛ 5 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በነበሩበት ተቀምጠዋል።