ፕሮክሲ ምንድን ነው? «ጥራት ይገድላል» ለሚሉ

«ፕሮክሲ እንዳትጠቀም፣ የቪዲዮህን ጥራት ይገድለዋል። ከቻልክ ኮምፒውተር ቀይር።» ሰሞኑን አንድ ሰው ለጀማሪ ኤዲተር ይህን ሲመክር አየሁ። ልጁ በስልኩ በ4ኬ የቀረጸውን ፕሪሚየር የሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ላይ አስገብቷል። ሲያጫውተው ስታክ ያደርጋል፤ ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ይቆማል። መፍትሔው ሶፍትዌሩ ውስጥ ነበር፤ ያውም በነጻ። መካሪው ግን አቅሙ የማይችለውን ወጪ አሸከመው። ይህን አባባል ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፕሮክሲ የኦሪጅናል ቪዲዮው ቀለል ያለ ቅጂ ነው። ስንቆርጥና ስንቀጥል ሶፍትዌሩ የሚያሳየን ቅጂውን ነው። ኤክስፖርት ስናደርግ፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ስናወጣ፣ የሚያነበው ኦሪጅናሉን ነው። በቃ። ተመልካቹ እጅ የሚገባው ቪዲዮ ውስጥ ፕሮክሲው የለም።

«እንዴት ይሆናል? የቆረጥኩት እኮ ደብዛዛውን ነው» ይላል መካሪው። ወንድሜ፣ አንተ ምንም አልቆረጥክም። ፕሪሚየርም ሆነ ሌላው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ዳቪንቺ ሪዞልቭ የቪዲዮ ፋይሉን አይነኩትም። የሚያስቀምጡት ትእዛዝ ነው፦ ከዚህ ክሊፕ ከ12ኛው ሰከንድ እስከ 19ኛው፣ ቀጥሎ ከዚያኛው 3 ሰከንድ፣ እዚህ ጋ ድምፁ ይቀነስ። የፕሮጀክት ፋይል ማለት የእነዚህ ትእዛዞች ዝርዝር ነው። ረጅም የሠርግ ቪዲዮ እንኳን ፕሮጀክት ፋይሉ ከፉቴጁ (ከተቀረጸው ቪዲዮ) አንጻር ኢምንት የሚሆነው ለዚህ ነው። ትእዛዙን ፕሮክሲውን እያየህ ብትሰጥም የሚፈጸመው ኦሪጅናሉ ላይ ነው።

የሙሽራ ቀሚስ የሚሰፋ ሰው አስቡ። ውድ ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፉ በፊት በአቡጀዲ ይሞክራል። ያጠባል፣ ያሰፋል፣ ይተረትራል። ልኩን ሲያገኝ ዋናውን ጨርቅ በዚያ ልክ ይቆርጣል። ሙሽራዋ አቡጀዲ ለብሳ አትወጣም። የአቡጀዲው ልክ ከዋናው ጋር ካልገጠመ ግን ሥራው ይበላሻል፤ የፕሮክሲውም ፍሬም ሬት (በሰከንድ ያለው የምስል ብዛት)፣ ታይምኮድ (እያንዳንዱ ምስል ላይ ያለው የሰዓት ቁጥር) እና የድምፅ ቻናል ብዛት ከኦሪጅናሉ ጋር አንድ መሆን አለበት። አቡጀዲ አይቶ ስለ ዋናው ጨርቅ ቀለም የሚፈርድ የለም፤ ከለር ግሬዲንግም (የቀለም ማስተካከሉ ሥራ) ፕሮክሲ እያዩ አይሠራም። ቀሚሱ ሳያልቅ ዋናውን ጨርቅ የሚጥል ሰፊም የለም። «ፕሮክሲ አለኝ» ብሎ ኦሪጅናሉን ከሃርድ ዲስኩ የሚያጠፋ ኤዲተር ግን አለ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ኦሪጅናሉ ከጠፋ በኋላ ከፕሮክሲ የሚመለስ ጥራት የለም።

ታዲያ «ጥራት ይቀንሳል» የሚለው ከየት መጣ? ሰዎች ሌላ ነገር እየሠሩ ፕሮክሲ ስለሚሉት ነው። አንዱ ፉቴጁን ሃንድብሬክ የሚባል የቪዲዮ መቀየሪያ ሶፍትዌር ላይ አስገብቶ ያሳንሳል። ያነሰውን ብቻ ታይምላይን (ክሊፖች የሚደረደሩበት ቦታ) ላይ ያስቀምጣል፣ ከእሱው ኤክስፖርት ያደርጋል። ሌላው ክሊፖቹን ከካሜራማኑ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ይቀበላል። ቴሌግራም እንደ ቪዲዮ የተላከን ያሳንሳል፤ እንደ ፋይል ቢላክ አይነካውም ነበር። በሁለቱም ጥራቱ ይወርዳል፤ እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ግን ይህ ፕሮክሲ አይደለም። ሶፍትዌሩ የሚመለስበት ኦሪጅናል አልተሰጠውም። ፕሮክሲ የሚሆነው ቅጂው ሶፍትዌሩ ውስጥ ከኦሪጅናሉ ጋር ሲታሰር ነው። ፕሪሚየር ላይ ክሊፑን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ክሪኤት ፕሮክሲስ» ስትሉ፣ ወይም ሪዞልቭ ላይ «ጄነሬት ፕሮክሲ ሚዲያ» ስትሉ ማሰሩን ራሱ ይጨርሰዋል።

አንድ የቀረ አደጋ አለ። ፕሪሚየር ኤክስፖርት ላይ «ዩዝ ፕሮክሲስ» የሚል ምርጫ አለ። ራሱ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሪዞልቭም ኤክስፖርት በሚደረግበት ዴሊቨር ገጽ ላይ ተመሳሳዩ አለው። ሳታውቁ ካበራችሁት በእርግጥም ደብዛዛው ይወጣል። አትንኩት።

ሌላው የሚያናድደኝ «ፕሮክሲ የሚፈጥነው ፋይሉ ስለሚያንስ ነው» የሚለው ነው። አይፎን በ4ኬ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ኤችኢቪሲ በሚባለው የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ ሲቀርጽ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በሰዓት 10 ጊጋባይት ያህል ማለት ነው። የዚያው ቪዲዮ ፕሮክሲ በ1920 በ1080፣ ለኤዲቲንግ በተሠራው ፕሮሬስ 422 ፕሮክሲ በሚባለው ፎርማት ሲሠራ በሰከንድ 45 ሜጋቢት ገደማ ነው (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው)። በሰዓት 20 ጊጋባይት ይሆናል። ፕሮክሲው ከኦሪጅናሉ በእጥፍ በለጠ! ግን ታይምላይኑ ላይ ውኃ ሆኖ ይፈሳል።

ምክንያቱ አጨማመቁ ነው። ኤችኢቪሲና ሌላው የመጨመቂያ ዘዴ ኤች.264 በስልክ ሲቀረጹ ሙሉ ምስል የሚያስቀምጡት አልፎ አልፎ ነው። በመሀል ያሉት ፍሬሞች (ነጠላ ምስሎች) ከጎረቤቶቻቸው የተለየውን ብቻ ይይዛሉ። ለመላክና ለማየት ግሩም ነው። ኤዲተር ግን ወደፊትም ወደኋላም ይዘላል፣ መሀል ላይ ይቆርጣል። ኮምፒውተሩ አንድ ፍሬም ለማሳየት ሌሎች ብዙ ፍሬሞችን መፍታት ይገደዳል። ፕሮሬስና አቻው ዲኤንኤክስኤችአር እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ሙሉ አድርገው ያስቀምጣሉ። ቦታ ይበላሉ፣ ፕሮሰሰሩን ግን ያሳርፋሉ። በእርግጥ ሃርድ ዲስካችሁ ሊሞላ ከደረሰ አስቀድማችሁ ቦታ አዘጋጁ። የፕሪቪው ሪዞሉሽኑን (ሶፍትዌሩ ሲያጫውት የሚያሳየውን የምስል ጥራት) ወደ ሩብ ማውረድም ጭምቁን የመፍታቱን ሸክም ብዙም ስለማያቀል፣ እንዲህ ላለው ፉቴጅ እምብዛም አይረዳም።

ሐሳቡ ደግሞ አዲስ አይደለም። በፊልም ዘመን ኤዲተሮች የሚቆርጡት ወርክፕሪንት የሚባለውን ቅጂ ነበር፤ ኔጌቲቩ፣ ማለትም ካሜራው ላይ የተቀረጸው ዋናው ፊልም፣ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. አቪድ የተባለው የኮምፒውተር ኤዲቲንግ ሲስተም ብቅ ሲልም ዲስኮች ትንሽ ስለነበሩ ኤዲት የሚደረገው ጥራቱ ዝቅ ባለ ምስል ነበር። ሲኒማ ቤት የታየው ግን ያ አልነበረም።

ፕሮክሲ እያያችሁ የማትወስኑት ነገር አለ። ፎከሱ ትክክል ነው ወይ? ጨለማው ውስጥ ኖይዝ (የምስል ሽፍታ) አለ ወይ? በግሪን ስክሪን (ጀርባው በሌላ ምስል እንዲተካ በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት) የተቀረጸው ሰው ጠርዙ ንጹሕ ነው ወይ? ለእነዚህ «ቶግል ፕሮክሲስ» ቁልፉን ተጭናችሁ ኦሪጅናሉን እዩ። ሪዞልቭ ላይ «ፕሪፈር ካሜራ ኦሪጅናልስ» ማለት ነው።

የስልክ ቪዲዮ ሌላም ጣጣ አለው። ፍሬም ሬቱ አንዳንዴ እየተለዋወጠ ይቀረጻል። ያኔ ፕሮክሲውና ኦሪጅናሉ ላይገጥሙ ይችላሉ፤ ድምፁም ከከንፈሩ ይለያል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ፉቴጁን ጥራቱን ጠብቃችሁ፣ ለምሳሌ በፕሮሬስ 422፣ ወደ ቋሚ ፍሬም ሬት ቀይሩት። ከዚያ በኋላ ኦሪጅናላችሁ እሱ ይሆናል፤ ፕሮክሲውን ከእሱ ሥሩ።

አዲስ አበባ የተቀረጸ ሠርግ ዋሽንግተን ያለ ኤዲተር ሲሠራውም ይኸው አካሄድ ያገለግላል። ከባዱን ፉቴጅ በኢንተርኔት መላክ አያስፈልግም። እዚህ ግን ፕሮሬሱን ተዉት፤ ለመላክ በኤች.264 የተሠሩ፣ 960 በ540 የሆኑ ትንንሽ ፕሮክሲዎች ይበቃሉ። የፋይል ስማቸውን አትቀይሩ። እሱ ሲጨርስ የሚመልሰው ፕሮጀክት ፋይሉን ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሰው ከኦሪጅናሉ ጋር ያገናኘውና ኤክስፖርት ያደርገዋል።