ቋሚውን የጣለው ፍልፈል ነው ወይስ ፈንገስ?

ክረምቱ ሲወጣ መንዝ ያሉት አጎቴ የጓሮ አጥራቸው ተጋደመባቸው። አንዱ የባሕር ዛፍ ቋሚ ከሥሩ ተቀንጥሷል፤ አጠገቡ ፍልፈል ያወጣው አፈር ተቆልሏል። «ፍልፈል በልቶት ነው» አሉ፤ ፍርዱ አለቀ። እኔ ግን ስብራቱን ባገላብጠው የጥርስ ምልክት አጣሁበት። እንጨቱ ቡናማ ሆኖ ቁልቁልም አግድምም ተሰነጣጥቋል። በጣቴ ሳሸው ዱቄት ሆነ። ይሄ የፈንገስ ሥራ ነው። ስለ ሁለቱ ሰው የሚለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ፍልፈል እንጨት ይበላል»
ምግቡ ሥር፣ ሣርና ድንች ነው። መንገድ የዘጋበትን ሥር ቢቆርጥም የጥርሱ ቦይ ይታወቃል።

«ዕውር ነው፤ በመዳፉ ነው የሚቆፍረው»
ዓይኑ ኢምንት ናት እንጂ አለችው። ዋናው መቆፈሪያው ደግሞ የፊት ጥርሱ ነው። ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጭ ናቸው፤ ከንፈሩ ከኋላቸው ግጥም ብሎ ይዘጋል። አፉን ዘግቶ በጥርሱ ይቆፍራል ማለት ነው! አፈር አይውጥም። እግሩ የተፈታውን አፈር ወደ ኋላ ይጠርጋል።

«እንጨት የሚያበሰብሰው ውሃ ነው»
ይሄኛው ብዙ ሰው ያሳስታል። ውሃ ብቻውን አያበሰብስም፤ በልቶ የሚጨርሰው ፈንገስ ነው። እሱ ደግሞ እርጥበትና አየር አንድ ላይ ይፈልጋል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ላይ አይሠራም። ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ የኖረ ግንድም አየር ስለሌለው ብዙ ዘመን ይቆያል። ቋሚ ብዙውን ጊዜ ልክ ከመሬቱ ወለል ላይ የሚቀነጠሰው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም የሚገኙት እዚያ ነው። የጥድ እምብርት ግን በቀላሉ አይበገርለትም።

«የጅብ ጥላ ተክል ነው፤ ከነቀሉት አለቀለት»
ፈንገስ ተክል አይደለም፤ እንዲያውም ዝምድናው ለእንስሳ ይቀርባል። እንጨቱ ላይ ብቅ የምትለው፣ አንዳንዴ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጠው የጅብ ጥላ ፍሬው ናት። አካሉ ከፀጉር የቀጠነ ክር ሆኖ እንጨቱ ውስጥ ተዘርግቷል። አፍ የለውም፤ ኢንዛይም የሚባል አሟሚ ነገር እየረጨ እንጨቱን እዚያው ያሟሟና ይመጠዋል። የአጎቴን ቋሚ የበላው ዓይነት የእንጨቱን ክር (ሴሉሎሱን) ወስዶ ክሩን የሚያጣብቀውን (ሊግኒኑን) ይተዋል፤ ቡናማው ዱቄት ያ የተረፈው ነው። እንጨቱን የሚያነጣው ዓይነት ሊግኒኑንም አይምርም።

«ፍልፈል ጥቅም የለውም»
እዚያው መንዝ፣ ጓሳ በሚባለው የደጋ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ አድኖ ከሚበላቸው አንዱ ፍልፈል ነው። አፈሩንም ያገላብጣል።

አጎቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝ። «እሺ፣ ቋሚውን ፈንገስ በላው። ድንቼንስ?»
ድንቹንማ ፍልፈል ነው።