«ኢንጂነሩ መጣ፣ ፕሪንተሩን አውጡ!»

ካምፓስ ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ቤት ስመለስ፣ አጎቴ የተበላሸ ፕሪንተር ይዞ ጠበቀኝ። ገና ፍሬሽ ነኝ። ዲፓርትመንት እንኳን አልመረጥኩም። ጥፋቴ «ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ነው የምገባው» ብዬ ለቤተሰብ ማውራቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ትምህርት ያልሰማሁት የለም። አንዳንዱን እኔም አምኜው ነበር።

«ኮምፒውተር መጠገን ነው»

ጥገና ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሰፈራችን ያለው ሞባይል ጠጋኝ ስክሪን ሲቀይር ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ፤ አምስት ዓመት ተምሬም የሱ እጅ የለኝም። እኛ የምንማረው ዕቃው ከውስጥ እንዴት እንደሚያስብና እንዴት እንደሚነደፍ ነው። የአጎቴ ፕሪንተር ግን ወረቀት ተቀርቅሮበት ነበር። ጎትቼ አወጣሁት። ይኸው እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ሊቅ ነኝ።

«ቀኑን ሙሉ ኮድ መጻፍ ነው»

እኔን የሸወደኝ ይሄ ነው። እኛ አገር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን የሚሰጡት ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ በሚል አንድ ጥላ ሥር ነው። ኮምፒውተር፣ ፓወር፣ ኮንትሮል እያለ በስትሪም (በንዑስ ዘርፍ) የሚከፈለው ቆይቶ ነው። እስከዚያ ሰርኪዩቱም፣ ኤሌክትሮማግኔቲክሱም፣ ሞተርና ትራንስፎርመሩም የጋራ ነው። ፍላጎታችሁ ሶፍትዌር ብቻ ከሆነ በአራት ዓመት የሚያልቀው ኮምፒውተር ሳይንስ አለላችሁ። ይህን ልዩነት የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቢሆንም ገብቼ አልተጸጸትኩም። ምክንያቱ አንድ የላብ ቀን ነው። ትምህርቱ ዲጂታል ሎጂክ፣ ዕቃው 7408 የሚባል ቺፕ። 14 እግር አለው፤ ውስጡ ኤንድ ጌት የሚባሉ አራት ትንንሽ ሰርኪዩቶች አሉ። አንዱ ጌት ሁለቱም ግቤቶቹ 1 (ማለትም ቮልቴጅ ያላቸው) ሲሆኑ ብቻ 1 ያወጣል፤ ወረቀት ላይ ሕፃን ይሠራዋል። ብሬድቦርዱ (ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካበት ቀዳዳ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ ሰካነው። መብራቱ እምቢ አለ። ሽቦ ቀየርን፣ መብራቱንም ቀየርን፤ ወይ ፍንክች! ከዚያ የግሩፓችን ልጅ ቺፑን ስትነካው «እሳት!» ብላ ጮኸች። ጎንበስ ብላ ብታየው ገልብጠን ሰክተነዋል። 5 ቮልቱ እግር 14 ላይ፣ ግራውንዱ (ዜሮ ቮልቱ) እግር 7 ላይ መሆን ሲገባው ተገላብጧል። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት ለዚህ ነበር የተሠራችው። ሌላ ቺፕ አምጥተን በትክክል ሰካን። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች። የማትሪክ ውጤቴን ሳይ እንዲያ አልተደሰትኩም።

«ከልጅነቱ ኮምፒውተር የነካ ነው የሚችለው»

ከዶርማችን ልጆች አንዱ ማውስ የያዘው ካምፓስ ገብቶ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ኪቦርድ ላይ «ኬ»ን ፍለጋ ሲንከራተት እንስቅበት ነበር። በኋላ ግን 8086 ላይ አሴምብሊ (ፕሮሰሰሩን በራሱ ትእዛዞች የምናዝበት ቋንቋ) ያስጠናን እሱ ነው። (8086 ኢንቴል በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮሰሰር ነው። «ይሄን አሮጌ ለምን እንማራለን?» ብለን አማርረናል። የብዙዎቻችን ላፕቶፕ ፕሮሰሰር የዘር ሐረጉ እዚያ መድረሱን ስንሰማ ዝም አልን።)

«ለሴት ይከብዳታል»

ቺፑ መገልበጡን ያየችው ማን ነበረች?

«ከተመረቅክ ሥራ ይጠብቅሃል»

መጀመሪያ መመረቅም እንደ ድሮው አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ካልመጣ ዲግሪው የለም። ከዚያም ቺፕ የሚያመርት ፋብሪካ አገራችን ውስጥ የለም። ስለዚህ አብዛኛው ተመራቂ ወደ ሶፍትዌር፣ ወደ ኔትወርክ ወይም ወደ ባንክ አይቲ ክፍል ያማትራል፤ ያውም ከኮምፒውተር ሳይንሶቹ ጋር ተጋፍቶ።

እኔም ለኢንተርንሺፕ አንድ መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ተመደብኩ። አዲስ ደብተር ገዝቼ፣ ሸሚዝ ተኩሼ ሄድኩ። ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ኢንጂነር፣ እንኳን መጣህ! ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፕሪንተሩ እምቢ ብሏል» አሉኝ።

ወረቀት ተቀርቅሮበት ነበር።