ቬሲክል ከሚሴል በምን ይለያል?

ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው፤ አይፈረድበትም። ሁለቱም ውሃ ውስጥ የሚፈጠሩ በጣም ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ የሚሠሩትም ጭንቅላታቸው ውሃ ከሚወድ፣ ጭራቸው ውሃ ከሚሸሽ ሞለኪውሎች ነው።

ጭራው አንድ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጭራዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ድቡልቡል ነገር ይሠራሉ። ሚሴል ይሄ ነው፤ መሃሉ ላይ ውሃ የለም። ጭራው ሁለት ሲሆን ግን ሞለኪውሉ ይወፍራል፣ እንደዚያ መጠቅለል ያቅተዋል። ስለዚህ ጭራ ለጭራ ገጥመው ድርብ ንጣፍ ይዘረጋሉ። ንጣፉ ጠርዙ ውሃ እንዳይነካው ታጥፎ ይዘጋል፤ ውስጡ ውሃ ያቆረ ከረጢት ይሆናል። ቬሲክል ማለት እሱ ነው።

ቬሲክል መድኃኒት ለማጓጓዝም ያገለግላል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ መድኃኒት መሃሉ ላይ፣ ቅባት የሚወደው ግድግዳው ውስጥ ይቀመጣል። ሙቀት ወይም አሲድነት ሲለወጥ ግድግዳው ሊላላና የያዘውን ሊለቅ ይችላል። አሜሪካ በ1995 (እ.ኤ.አ.) የፈቀደችው የካንሰር መድኃኒት ዶክሲል የሚጓጓዘው በዚህ ዓይነት ከረጢት ነው።